አትሬየስ ያደገው በትክክል የቱ ጋ ነው? (ጎድ ኦፍ ዋር፣ ሁለቱም ክፍሎች)

ጦሳ ሥር
ዓርብ ማታ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ሁለቱንም ክፍል እስከ መጨረሻው ስለማነሳ ገና ያልጨረሳችሁ እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል።

ባለፈው ክረምት ያገለገለ የጌም ማጫወቻ፣ ፒኤስ 4 ገዛሁ። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍነው ከቤት መውጣት አያምርህም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ጋቢ ተከናንበን ጎድ ኦፍ ዋርን ጀመርን። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን፣ ከዚያ በ2022 የወጣውን ራግናሮክን። ሁለቱንም ጨረስናቸው። በብዛት የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ቀለል ያለ ቦታ ሲመጣ ይቀበለኛል።

ወንድሜ 13 ዓመቱ ነው። አባትየውን፣ ተዋጊውን ክራቶስን ይወደዋል። ልጁን አትሬየስን ግን አይወደውም። «ያናድደኛል» ይላል። «ሁሌ ይቅርታ ይላል፣ ሲቆጡት ያኮርፋል፣ አምላክ ነህ ሲሉት ደግሞ ይጠግባል።» በዚህ ሁሌ እንከራከራለን። ለእኔ የዚህ ጌም ልብ ልጁ ነው። መጥረቢያውን የያዘው ክራቶስ ቢሆንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «ይሄ ልጅ ምን ይሆን ይሆን?» እያልኩ ነው የተጫወትኩት።

አንድ ቀን እማዬ ቡና ይዛልን ገባች። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያው ነበር፣ የአትሬየስ እናት የፌይ አስከሬን እንጨት ላይ ሆኖ ሲቃጠል። «ሰው ያቃጥላሉ እንዴ?» ብላ ደንግጣ ቆመች። የእነሱ አቀባበር እንዲህ እንደሆነ ነገርኳት። ሲኒዎቹን እንደያዘች ትንሽ አየች። ወንድሜ የተለመደውን ስሞታ ሲያሰማ ሰማችና «ኧረ ተው አንተ ልጅ! የእናቱ አርባ እንኳ ያልወጣለትን ልጅ ምን ሁን ነው የምትለው?» ብላው ወጣች።

ያቺ ንግግር ከጭንቅላቴ አልወጣችም። እውነት እኮ ነው። የእናቱ እሳት ሳይጠፋ አባቱ «አደን እንደምትችል አሳየኝ» ብሎ ጫካ ይዞት ገባ። አጋዘን አገኙ። ልጁ ቸኩሎ ወረወረና ሳተ። ክራቶስ ጮኸበት፣ ቀስቱንም ነጠቀው። «ይቅርታ» ሲለው የመለሰለት «ይቅርታ አትበል፣ የተሻልክ ሁን» የሚል ነው። ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ልጅ እንዲህ ሲባል አስቡት።

ያ ልጅና ራግናሮክ መጨረሻ ላይ አባቱን ተሰናብቶ ብቻውን የሚሄደው ወጣት አንድ ሰው ናቸው። ጥያቄዬ፣ የለውጡ ቦታ የቱ ነው? ብዙ ሰው «አምላክ መሆኑን ሲያውቅ» ይላል። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ወንድሜን ቁጭ አድርጌ ላሳየው ስለምፈልግ «ይሄኛው ትዕይንት ላይ ነው» ብላችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

---

ቦርከና ማዶ
ዓርብ ማታ 4:25

አብሽር ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። ለ4 ዓመት ያህል ጌም ቤት ሠርቻለሁ። ጌም ቤት ውስጥ ፊፋ ነው የሚሄደው፣ እንዲህ ያለ ረጅም ታሪክ ብዙ ሰው አይጫወትም፣ ምክንያቱም ልጆቹ የሚከፍሉት በሰዓት ስለሆነ ንግግር ሲጀመር «ሒሳቤ እየቆጠረ ነው» ብለው ይናደዳሉ። አንድ ልጅ ብቻ ነበር ከዚህ የተለየ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ ሰዓት ብር ይዞ ይመጣል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። አትሬየስ ታሞ ወድቆ ክራቶስ ተሸክሞት ወደ ጠንቋይዋ ፍሬያ ቤት የሚሮጥበት ቦታ ላይ ሰዓቱ አለቀ። ልጁ አልተነሳም። «ትንሽ ብቻ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። እኔም አላጠፋሁበትም። ልጁ እስኪድን ድረስ አብረን አየነው። ከዚያ ቀን በፊት እኔ ራሴ ይሄን ጌም በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አምላክ መሆኑን ሲያውቅ ልጁ አላደገም፣ ጠገበ። እነዚህ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ሆደ ባሻነትና ጥጋብ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ያ «አልረባም» ሲል የነበረ ልጅ «ከኔ በላይ ማን አለ» ሲል ውስጡ አልተቀየረም፣ ልብሱን ነው የቀየረው። ሲንድሪን ታስታውሱታላችሁ፣ አንጥረኛውን። ሁሌ በደግነት የሚቀበላቸው ሰው ስለ ወንድሙ ስለ ብሮክ ሲያወራ አትሬየስ «የናንተን ጣጣ ማን ይሰማል» በሚል መንፈስ አሸማቀቀው። እዚያ ቦታ ላይ እኔ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ዝም ብዬ ነው ያየሁት። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወንድማማቾቹን ላስታርቅ ሲል የነበረው እሱ ራሱ ነው እኮ!

ከዚያ ሞዲ አለ፣ ከጠላቶቻቸው አማልክት አንዱ። ሞዲ በዚያን ሰዓት ተደብድቦ፣ ተዋርዶ፣ መቆም አቅቶት ነው የመጣው። ክራቶስ «ተወው፣ አይጠቅምም» አለ። ሞዲ እናቱን ሲሰድብበት ልጁ ቢላውን መዞ ገደለው። አባቱ ሲቆጣው «አምላኮች ነን፣ የፈለግነውን ማድረግ እንችላለን» አለ። ተራራው ጫፍ ላይ ደግሞ ዋናውን ጠላታቸውን ባልደርን ካልተዋጋሁ ብሎ የገዛ አባቱን በቀስት መታው። በዚህ ጦስ የሚሄዱበት የግዙፎቹ አገር የዮቱንሃይም በር ተሰበረ፣ እነሱም የሙታን አገር ሄልሃይም ወደቁ።

የኔ መልስ እዚያ ነው፣ ሄልሃይም ውስጥ። ከዚያ በፊት ልጁ ዝም ሲል ኮርፎ ነው። እዚያ ግን ዝም ያለው ያደረገውን ስላየ ነው። ለወንድምህ ሁለቱን ዝምታዎች አከታትለህ አሳየው፣ ልዩነቱን ፊቱ ላይ ያየዋል።

---

የሆጤዋ
ቅዳሜ ጠዋት 2:30

እኔ የ11 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ይሄን ጌም ልጄ ከሚያየው በፊት ልየው ብዬ ጀምሬ ራሴ ነኝ የጨረስኩት። ደም ስለሚበዛበት እሱ ገና አላየውም፣ ትንሽ ይደግ ብያለሁ።

ቦርከና ማዶ ስለ ጥጋቡ ያልከው ልክ ነው። ግን ጥጋቡ ከየት እንደመጣ ዘለልከው። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሽተኛ ነው። ያስለዋል፣ ሲናደድ ራሱን ይስታል። ለምን እንደሚታመም የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸው፣ እሱ አያውቅም። ፍሬያ ለክራቶስ ነገረችው፣ ልጁ አምላክ ሆኖ ሳለ ተራ ሰው ነኝ ብሎ ስለሚያምን ተፈጥሮው ከራሱ ጋር እየተጣላ ነው። ክራቶስ ያለፈ ሕይወቱ ስለሚያሳፍረው ደበቀው። አስቡት እንግዲህ፣ አባት በራሱ አፍሮ ዝም አለ፣ ልጁ ደግሞ «አባቴ በእኔ አፍሮ ነው» ብሎ ተረጎመው። ከሕመሙ ሲነሳ እኮ ፊት ለፊት ነገረው፣ ደካማ እንደሆንኩ ታስባለህ፣ የምትፈልገው ዓይነት ልጅ እንዳልነበርኩ አውቃለሁ ብሎ። እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ።

የሚያሳዝነው ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ አባቱ ለእሱ ሲል ቤቱ ተመልሶ ከወለል ሥር የቀበራቸውን የድሮ ሰይፎች ያወጣው ልጁ ራሱን ስቶ በተኛበት ሰዓት ነው። የልጁን መድኃኒት ለማምጣት ሄልሃይም መውረድ ነበረበት፣ የዚያን ብርድ መጥረቢያው ስለማይበግረው እሳት ያላቸው እነዚያ ሰይፎች የግድ አስፈለጉ። ሊረሳው የሚፈልገውን ሁሉ ለልጁ ሲል መልሶ ታጠቀ። ልጁ ግን አላየም። ወላጆች የምናደርገውን ስንቱን ነገር ልጆች ተኝተው ነው የምናደርገው፣ ሲነቁ የሚያገኙት ቁጣችንን ነው።

ሌላም አለ። በዚያ አገር ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ክራቶስ ማንበብ አይችልም። የሚያነብለት ልጁ ነው፣ እናቱ አስተምራዋለች። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። አክስቴ ከዓረብ አገር ደብዳቤ ስትልክ የማነብላት እኔ ነበርኩ፣ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ። ፖስታውን በጉልበቷ ላይ አስተካክላ፣ እጇን ነጠላዋ ላይ ጠርጋ ነው የምትሰጠኝ። አንብቤ ስጨርስ «ዓይኔ አንቺ ነሽ» ትለኛለች። ክፍል ውስጥ እጄን ለማውጣት የማልፈራው በዚያች ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አትሬየስ ለአባቱ ዓይን ሆኖ ስንት ተራራ አሻገረው። ክራቶስ አንድ ቀን እንኳ «ዓይኔ» አላለውም። «ልጅ!» ነው የሚለው። ስሙን ከየት እንዳመጣለት እንኳ የነገረው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ጓዶቹን ያጽናና ስለነበረ አንድ የስፓርታ ወታደር።

የኔ ትዕይንት ይሄ ነው። ባልደር ክራቶስን ሊመታ ሲመጣ ልጁ መሀል ገባ። ያን ጊዜ አባቱን በቀስት የመታው ልጅ፣ አሁን አባቱ ፊት ቆመ። የባልደር ቡጢ ደረቱ ላይ ሲያርፍ አባቱ የተበጠሰውን የኮሮጆ ማሰሪያ የጠገነባት የቀስት ጫፍ የባልደርን እጅ ወጋችው፣ ባልደርን ምንም እንዳይጎዳው ይጠብቀው የነበረው ድግምትም በዚያ ተሰበረ። ልጁ ያቺ ጫፍ እንደምታድነው አያውቅም ነበር። ዝም ብሎ ነው የቆመው።

ጦሳ ሥር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቀየመኝ። ወንድምህ «ቀለል ያለ ቦታ ሲመጣ ይቀበለኛል» ብለሃል። ሲሸነፍስ? ጆይስቲኩን ከእጁ የሚወስደው ማነው?

---

ዳገት
ቅዳሜ ቀን 7:05

ሁላችሁንም አነበብኩ። አልስማማም፣ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

እናንተ የምትሉት ሁሉ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። እዚያ ልጁ አላደገም፣ ታዘዘ እንጂ። አጥፍቶ ተቀጣ፣ ተቀጥቶ ታረመ። እኛ አገር ዝም ብሎ የታዘዘ ልጅ «ጨዋ» ይባላል። ጨዋ ልጅ ግን በሰለ ማለት አይደለም፣ አባቱ ዘወር ሲል ምን እንደሚያደርግ ገና አላየንም። መብሰሉን ማየት የምትችለው ራሱ መርጦ፣ ተሳስቶ፣ ዕዳውን ራሱ ሲከፍል ነው። ይሄ ያለው ራግናሮክ ላይ ነው።

ራግናሮክ ላይ ልጁ ይዋሻል። ሌሊት ተደብቆ ይወጣል። አባቱ እንደሚሞት የሚናገር ትንቢት አይቶ ለማንም ሳይናገር ይዞት ይዞራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ወደ ኋላ ተመለሰ» ይላል። በእኔ እምነት ግን ወደ ፊት የሄደው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ፍርሃቱ ተለውጧል። ድሮ የሚፈራው «አባቴ ይንቀኛል» ብሎ ነበር። አሁን የሚፈራው «አባቴ ይሞትብኛል» ብሎ ነው። ያኛው ስለ ራሱ ነው፣ ይሄኛው ስለ ሌላ ሰው። (ከጓደኛው ከአንገርቦዳ ጋር ጫካው ውስጥ የሚያሳልፈው ክፍል ግን በጣም ረዝሟል፣ ግማሹ ቢቀር ምንም አይጎድልም ነበር።)

ከዚያ የአማልክቱ አገር አስጋርድ ሄደ፣ የአለቃቸው የኦዲን ቤት። ኦዲን ጮሌ ነው፣ ልጁ ከአባቱ ያላገኘውን ነው የሰጠው፣ ጆሮ። ጠየቀው፣ አዳመጠው፣ አመነው ወይም ያመነው መሰለ። በራሱ የማይተማመን ሰው በቀላሉ የሚያዘው በዚህ ነው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ብሮክ ነው። ቲር የተባለው አምላክ ነው ብለው ቤታቸው ያስቀመጡት ሰው ኦዲን ሆኖ ተገኘ፣ ብሮክ ነቃበት፣ ኦዲንም ብሮክን በቢላ ወግቶ ገደለው። ሲንድሪ ለአትሬየስ ቤቱን ሰጥቶት ነበር፣ ሚስጥሩን፣ ዕቃውን፣ ሁሉንም። አሁን ወንድሙን አጣ። ብሮክን ሲሸኙት ሲንድሪ ፊቱ ላይ የነበረውን ተመልከቱ። አትሬየስ ይቅርታ አላገኘም። እስከ መጨረሻውም አላገኘም። ጌሙ ሊያስታርቃቸው ይችል ነበር፣ ግን አላስታረቃቸውም፣ ለዚህ ነው ሠሪዎቹን የማከብራቸው። ልጁ ያንን ይዞ ነው ከኦዲን ጋር ወደሚደረገው ጦርነት የሄደው። ቦርከና ማዶ ያነሳኸው ስድብ እዚህ ጋ ነው የሚገጥመው፣ ድሮ «የናንተን ጣጣ ማን ይሰማል» ያለው ስለዚያው ወንድም ነበር።

አስጋርድ ላይ ደግሞ ኦዲን ስደተኞችን ከግንቡ ውጭ ጋሻ አድርጎ አስቀመጣቸው። አትሬየስ ልቤን ዘግቼ ልዋጋ አለ፣ ከልጅነቱ አባቱ ያስተማረው እንደዚያ ነበር፣ ለሥቃያቸው ልብህን ዝጋ ብሎ። ክራቶስ በጦርነት መሀል ቆሞ ተሳስቼ ነበር አለው። ልብህን ክፈት አለው። ያ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ለአጋዘኗ ያዘነ ልጅ ነው። ደካማ ያስባለው ነገር ትክክል ነበር ማለት ነው።

ኦዲን ሲሸነፍም ልጁ አልቸኮለም። ማቆም እንደሚችል ነገረው፣ ዕድል ሰጠው። ኦዲን እምቢ አለ። አትሬየስ የኦዲንን ነፍስ አንዲት ትንሽ ድንጋይ ውስጥ አስገባት። የሰባበራት ሲንድሪ ነው። ወድቆ የነበረውን ሞዲን የገደለው ልጅ የወደቀውን ኦዲንን ለመግደል እጁ አልፈጠነም። ጦሳ ሥር፣ ለወንድምህ እነዚህን ሁለቱን አሳየው፣ ሞዲንና ኦዲንን። ሌላ ምንም ማስረዳት አያስፈልግህም።

---

ሐረጎ ላይ
ቅዳሜ ማታ 1:15

አንድ ነገር ልጨምር። በሁለቱም ክፍል የአትሬየስን ድምፅ የሠራው አንድ ልጅ ነው፣ ሰኒ ሱልጂች። በሁለቱ መሀል 4 ዓመት ስላለፈ የራሱ ድምፅ ጎርንኗል። ታሪኩም ላይ ሦስት ክረምት ግድም አልፏል። ስለዚህ ያ የምትሰሙት ለውጥ የእውነት ነው። እኔ ራግናሮክን ስከፍት መጀመሪያ የገረመኝ ድምፁ ነው፣ የጎረቤት ልጅ ከርሞ ሲመጣ «ምነው እንዲህ አደግክ» እንደምንለው።

ሁለተኛው ስለ አጨዋወቱ ነው። በመጀመሪያው ክፍል አትሬየስ ያንተ አንድ በተን ነው። ካሬዋን ስትጫን ይወረውራል። ክራቶስ ሆነህ ታዝዘዋለህ። ራግናሮክ ላይ ግን ራሱን ሆነህ ትጫወታለህ፣ የምትሮጠው በእሱ እግር ነው፣ የምትዋሸውም በእሱ አፍ ነው። ዳገት ያለውን ለማመን ይሄ ብቻ ይበቃኛል።

---

ቦርከና ማዶ
ቅዳሜ ማታ 2:00

ዳገት፣ የሞዲና የኦዲን ነገር አሳመነኝ። እንደዚያ አያይዤው አላውቅም ነበር። «ታዘዘ እንጂ አላደገም» ያልከውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። እትዬ የሆጤዋ ያነሱትን ተመልከት፣ ባልደር ፊት ሲቆም ማንም አላዘዘውም። አባቱ ቢጠየቅ ኖሮ «ዞር በል» ነበር የሚለው። ያ የመጀመሪያው የራሱ ምርጫ ነው። ራግናሮክ ላይ ያየነው ሁሉ የበቀለው ከዚያ ነው።

የጌም ቤቱን ልጅ ግን ዛሬ ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። የት እንዳለ ባውቅ ራግናሮክን ጨረስከው ወይ ብዬ እጠይቀው ነበር።

---

ጦሳ ሥር
እሑድ ማታ 4:50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። እትዬ የሆጤዋ፣ አልተቀየምኩም። ጥያቄዎትን ቅዳሜ ጠዋት አንብቤ ወዲያው መመለስ ስላልቻልኩ ነው የዘገየሁት።

ጆይስቲኩን የምወስደው እኔ ነኝ። ሁለቴ ከሞተ «አምጣ» እላለሁ። በክፋት አይደለም፣ ቶሎ እንድናልፍ ነው። ግን እሱም ከጊዜ በኋላ ሳልጠይቀው ማቀበል ጀምሮ ነበር። ከባድ ጠላት ሲመጣ ገና ሳይሞክር «እንካ፣ እኔ አልችልም» ይላል። ይሄንን አስተውዬው አላውቅም። አጋዘኗ ላይ ክራቶስ ቀስቱን ሲነጥቅ ስንት ጊዜ አይቼ «ጨካኝ አባት» ብያለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና ከፈትነው፣ አዲስ ጨዋታ። ጆይስቲኩን ለእሱ ሰጠሁትና እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩ። ሞዲን፣ ኦዲንን፣ ባልደርን አሳየዋለሁ ብዬ አስቤ ነበር፣ ገና እዚያ አልደረስንም። አጋዘኗን አገኛት። ተመትታ ወድቃ ልጁ በቢላ መጨረስ ሲያቅተው ክራቶስ እጁን በእጁ ላይ አድርጎ አብሮት ሲገፋ ወንድሜ ምንም አላለም። ከዚያ ክራቶስ እጁን ወደ ልጁ ጀርባ ዘርግቶ፣ ሊነካው ትንሽ ሲቀረው መለሰው። ልጁ ወደ ፊት ነበር የሚያየው፣ አላወቀም።

ወንድሜ አቆመው። «አሁን ለምን አልነካውም?» አለኝ።

«አላውቅም፣ አፍሮ ይሆናል» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ቢዞር ኖሮ ያየው ነበር» አለ። ከዚያ ቀጠለ።

ያ ትልቁ ትሮል ጋ ደረሰ፣ የመጀመሪያው ግዙፍ ጭራቅ፣ ድንጋይ የተሸከመው። አንዴ ሞተ። ሁለቴ ሞተ። ሁለተኛው ላይ ዓይኑ ወደ እኔ ዞረ፣ ጆይስቲኩንም ትንሽ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። አልተቀበልኩትም። ሦስቴ፣ አራቴ፣ አምስቴ። መናገር አምሮኝ ነበር፣ «ወደ ግራ ሽሽ» ልለው ነበር፣ ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። ስድስተኛው ላይ መጥረቢያውን ወርውሮ፣ ልጁን ቀስት እንዲወረውር አዞ፣ ትሮሉ ዞር ሲል ከኋላው ገባለት። ካሬዋን ይጫናታል እኮ! ከዚህ በፊት አትሬየስን አዞት አያውቅም፣ «አይጠቅምም» ነበር የሚለው። «አየኸው? ባይወረውርልኝ መትቶኝ ነበር» አለኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ትሮሉ ሩብ ጉልበት ሲቀረው መብራት ጠፋ።

ሻማ ለኮስን። እማዬ ደግሞ ከሰሉ እንዳለ ስለነበር ሁለተኛውን አፈላች። ወንድሜ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ነው የተቀመጠው፣ የማይሠራውን። እማዬ «ያ የእናቱ አርባ ያልወጣለት ልጅ እንዴት ሆነ?» አለችው። እሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክላት ገባ፣ አጋዘኗን፣ ያቺን እጅ፣ ትሮሉን ሲገድሉት ልጁ ሬሳውን በንዴት እንደሚወጋና ሲያስለው አባቱ «ገና አልደረስክም» እንደሚለው ሁሉ፣ እኔ ስጫወት ያየውን አንድም አልረሳም። እማዬ እየሰማች «ውይ፣ ውይ» ትላለች። ከእኔ ጋር ሲከራከር አትሬየስን «እሱ» ነበር የሚለው፣ ለእሷ ሲነግራት በስሙ ነው የጠራው።

መብራት 4 ሰዓት ተኩል ላይ መጣ። ነገ ትምህርት አለው፣ ተኛ ልለው ይገባ ነበር። «አንዴ ብቻ» አለኝ። አሁን ይሄን የምጽፈው አጠገቡ ሆኜ ነው፣ ትሮሉ እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሯል፣ ጆይስቲኩ እሱ እጅ ነው።